ፊርማው የማን ነው? ኮፒውስ የምን?

ስልካችሁን ክፈቱና የፎቶ ጋለሪያችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሂዱበት። ከሠርግና ከጓደኛ ፎቶ መሀል ስንት ወረቀት አለ? የመታወቂያ ፊትና ጀርባ፣ የዲግሪ ፎቶ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ አንድ ሰው በቴሌግራም የላከላችሁ ውክልና፣ ለምን እንዳነሳችሁት እንኳ የረሳችሁት የድጋፍ ደብዳቤ። የእኔ ላይ ስቆጥር 31 ደረስኩና ተውኩት።

አሁን ሌላ ጥያቄ። ከእነዚህ ውስጥ ነገ ክርክር ቢነሳ የሚያድናችሁ የቱ ነው? የሚያስጠይቃችሁስ? ብዙዎቻችን መልሱን አናውቀውም። ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋና ስለ ወለድ ብዙ ተነግሮኛል። አንድ ወረቀት እጄ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የቱን ቦታ ማየት እንዳለብኝ ያስተማረኝ ግን አልነበረም። እሱን የተማርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ ሰመራ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ተራ ስለሚመስሉ ነገሮች ነው፤ ስለ ፊርማና ስለ ኮፒ።

ዳጉ የሚጠይቀው ጥያቄ

በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው ዜና ይለዋወጣሉ። ዳጉ ይባላል። ከውጭ የሚያየው ሰው ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ ግን ሥርዓት አለው። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? የሰማኸውን ከማን ሰማህ? በዓይኑ ያየና ከሌላ የሰማ ሰው እኩል አይመዘኑም። የተሳሳተ ወሬ ያቀበለ ሰው ደግሞ ስሙ ይበላሻል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምነው አያገኝም።

እኔ ሰነድን በዚህ ዓይን ነው የማየው። ፊርማ «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እጠየቅበታለሁ» ማለት ነው። ኮፒ ደግሞ «እንዲህ የሚል ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ» ማለት ነው። መስማት ነውር የለበትም። ከማን እንደተሰማ ግን መታወቅ አለበት። ወደ ዋናው የሚመልስ መንገድ የሌለው ኮፒ፣ ምንጩን የማይናገር ወሬ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ የአንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ፊርማ ጌጥ አይደለም

አብዛኞቻችን ፊርማችንን የፈጠርነው ትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። እንዲያምር፣ እንዲጠማዘዝ፣ ማንም እንዳያነበው አድርገን። በሕግ ዓይን ግን የፊርማ ውበት ጉዳይ አይደለም። ፊርማ ሦስት ነገር ያያይዛል፤ ሰውየውን፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃልና «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ፈቃድ። አንዱ ከጎደለ ቀለም ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እስካሁን የምንተዳደርበት ነው። በጽሑፍ መሆን አለበት የተባለ ውል የሚገደዱት ሰዎች ሁሉ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልገዋል ይላል (ቁጥር 1727)። ብዙ ሰው ምስክርን እንደ ሠርግ አጃቢ ነው የሚያየው፤ የጠፋ ዕለት ግን ውሉ ራሱ ይንገዳገዳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ቤትና መሰል ነገር ከሆነ ደግሞ ሕጉ (ቁጥር 1723) ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

ቀጣዩ ቁጥር፣ 1728፣ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራው መፈረም ይችላል። ነገር ግን ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማው ወይም አሻራው የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት የተረጋገጠ ሲሆን ነው። ይህ ማለት አንድ አዛውንት ዘንድ ሰማያዊ ቀለም ይዞ ሄዶ፣ «እዚህ ጋ ተጫን አባ» ብሎ፣ የማያነቡትን ወረቀት ማስፈረም በሕግ ፊት የሚያቆም ውል አይሆንም ማለት ነው። በአዋሽ ዳርቻ መሬት ፈላጊው ብዙ ነው። አባቶቻችሁና አያቶቻችሁ አሻራ እንዲሰጡ ሲጠየቁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «የት ነው የሚፈረመው፣ ማን ፊት?» የሚለውም ነው።

ደብዳቤን ከታች ወደ ላይ ማንበብ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲሰጠን ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው መሀሉ ላይ ነው፤ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ? ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን ከታች ይጀምራሉ።

ከታች ምን አለ? ፊርማ አለ። ከፊርማው ሥር የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የተቀረጸበት ቲተር አለ። ክብ ማህተም አለ። ቲተርና ማህተሙ የሚናገሩት ፊርማው ስለማይናገረው ነገር ነው፤ ሰውየው የፈረመው ለራሱ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስም እንደሆነና ያንን ለማድረግ ወንበሩ እንዳለው። ስም የሌለው ፊርማ፣ ማህተም የሌለው ስም፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ማህተም፤ እነዚህ ሁሉ ግማሽ ናቸው።

ወደ ላይ ስትሄዱ ቁጥርና ቀን ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ደብዳቤው በመዝገብ ቤቱ «ወጪ» ሆኖ መመዝገቡን ነው የሚነግራችሁ። ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚሠሩ ሰዎች ማህተም አስመስለው ይቀርጻሉ፤ የመዝገብ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ገብቶ መስመር መጻፍ ግን ከባድ ነው። ደብዳቤ የሚጠራጠር ሰው ደውሎ «በዚህ ቁጥርና በዚህ ቀን ወጪ አድርጋችኋል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በታች ደግሞ «ግልባጭ» የሚል ዝርዝር አለ። ብዙ ወጣት ሳያየው ያልፋል። ግልባጭ ማለት ይህንን ደብዳቤ ሌላ ማን እንደያዘው ማለት ነው። የእናንተ ቅጂ ቢጠፋ የት ሄዳችሁ እንደምትጠይቁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ጉዳያችሁ የሚመለከተው ክፍል በግልባጩ ውስጥ ከሌለ፣ ደብዳቤው ደርሶታል ብላችሁ አትገምቱ። የተጻፈለት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንድ የማይከፈልበት ልማድ ልጨምር። ማመልከቻ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ትሰጣላችሁ። ሁለተኛው ላይ ተቀባዩ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲመልስላችሁ ትጠይቃላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ «እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልደረሰንም» ስትባሉ የምታወጡት እሱን ነው። ያ ኮፒ ከዋናው በላይ የሚጠቅማችሁ ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ዋናው ላይ የናንተ ፊርማ ብቻ ነው ያለው፣ ኮፒው ላይ ግን የእነሱ አለ።

ኮፒ የሚመሰክረው ስለ ትናንት ነው

«ኮፒ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ተራ ኮፒ ነው። ፎቶ ኮፒም ይሁን የስልክ ፎቶ ወይም ስክሪንሾት፣ ዋናውን ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ማንም ሊክደው ይችላል። ሁለተኛው ሥልጣን ያለው ሰው ዋናውን አይቶ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብሎ የፈረመበትና ማህተም ያደረገበት ግልባጭ ነው። እዚህ ላይ በዓይኑ ያየ ምስክር ተጨመረ፤ ዳጉ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ኮፒ አይደለም። አንድ ውል «በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ» ሲባል ሦስቱም በእጅ የተፈረሙ ከሆኑ ሦስቱም ዋና ናቸው። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ «ኮፒውን በኋላ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ» ከሚላችሁ ሰው ጋር አትስማሙ። የናንተን ዋና ቅጂ እዚያው፣ የሁሉም ፊርማ እርጥብ እያለ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ውክልና እንምጣ፤ ምክንያቱም አደጋው እዚህ ጋ ነው የሚበዛው። በአገራችን መኪና፣ ባጃጅ፣ ቤትም ሳይቀር በውክልና ይሸጣል። ሻጩ የውክልናውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ማህተሙ ይታያል፣ ቁጥሩ ይነበባል። እንበልና ሐሰተኛም አይደለም፤ እውነተኛ ነው። አሁንም ችግር አለ። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሲሽረው በናንተ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ አብሮ አይጠፋም። ወካዩ ከሞተም በመሠረቱ ውክልናው ያበቃል፤ ፎቶው ግን ልክ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይቀመጣል።

ኮፒ የሚመሰክረው በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ሰነድ እንደነበረ ነው። ዛሬ ሕያው ስለመሆኑ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው የተመዘገበበት መዝገብ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922 «ማረጋገጥ» እና «መመዝገብ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ማረጋገጥ ፈራሚው ማን እንደሆነ አይቶ ፊት ለፊት ማስፈረም ነው። መመዝገብ ደግሞ ነገ የሚጠይቅ ሰው ሄዶ የሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህን የሚሠራው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው፤ በክልሎች ደግሞ ክልሉ ሥልጣኑን የሰጠው አካል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ውክልናው ወደ ተመዘገበበት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን ከአንድ ባጃጅ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ምን ያህል እንደሆነ እናንተ አስሉት።

አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ይሞታሉ

ከጅቡቲ የተነሳ ተሳቢ በጋላፊ ገብቶ በሰመራ፣ በሎጊያ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። መንገድ ዳር ሻይ ስንጠጣ የምናየው ኮንቴይነሩን ነው። ኮንቴይነሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ናፍጣ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ነው።

በባሕር የሚመጣ ዕቃ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባል ሰነድ አለው። የመርከብ ድርጅቱ «ይህን ዕቃ ጭኛለሁ፤ ይህን ወረቀት ላመጣ ሰው አስረክባለሁ» ብሎ የሚፈርምበት ነው። ብዙ ጊዜ በሦስት ኦሪጅናል ይወጣል። ለምን ሦስት? ድሮ ደብዳቤ ራሱ በመርከብ ነበር የሚሄደው። መርከብ ይሰጥማል፣ ይዘገያል። ነጋዴዎች ሦስቱን በተለያየ መንገድ ይልኩ ነበር፤ ቢያንስ አንዱ እንዲደርስ። ታዲያ ሦስት ሰው ሦስት ወረቀት ይዞ ለአንድ ዕቃ ቢመጣስ? መፍትሔው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በአንዱ ዕቃው ከወጣ የቀሩት ዋጋ ያጣሉ። ባንኮች ለአስመጪ ክፍያ ሲፈጽሙ ሦስቱንም ኦሪጅናል በእጃቸው ካላስገቡ እሺ የማይሉት ለዚህ ነው። የዚሁ ሰነድ ተራ ኮፒ ግን፣ ሐምሳ ቢሆንም፣ አንድ ካርቶን አያስወጣም።

ሹፌሮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ተረካቢው ቆጥሮ «በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ የሚፈርምበት። ሹፌሩ ያንን የተፈረመ ቅጂ ይዞ ካልተመለሰ የጭነት ሒሳቡ ይጓተታል፤ ዕቃ ጎደለ ቢባልም መከራከሪያ የለውም። ከሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ በኋላ፣ ደክሞትም ቢሆን፣ ፊርማው ቆጠራውን ተከትሎ እንጂ ቀድሞት እንዳይመጣ የሚከራከር ሹፌር ሥራውን ያወቀ ነው።

ዋናዎቹ ራሳቸው ባይስማሙስ?

እስካሁን ዋናው ሰነድ የመጨረሻ ዳኛ እንደሆነ አድርጌ ነው ያወራሁት። ታሪካችን ግን ሁለት ዋና ሰነዶች ሁለት ነገር ሲናገሩ ምን እንደሚመጣ በደንብ ያውቃል።

ፒዬትሮ አንቶኔሊ የሚባል የኢጣሊያ መልእክተኛ ነበር። ከአሰብ ተነስቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ይመላለስ ነበር፤ ማለትም በዛሬው አፋር ክልል። በ1881 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሃንፈሬ ጋር ሐደሌ ጉቦ ላይ ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ያው ሰው ውጫሌ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የውጫሌን ውል ፈረመ።

ቀሪውን ትምህርት ቤት ሰምታችኋል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ኢጣሊያ በዚህ ተንተርሳ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፏቸው ደብዳቤዎች መልስ «በኢጣሊያ በኩል ይላኩልን» የሚል ሆኖ ሲመጣ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ውሉ ፈረሰ፣ መጨረሻውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሆነ።

ብዙ ጊዜ የማይወራው ግን አንቀጽ 19 ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም እኩል ሥልጣን አላቸው ይላል። ፊርማውና ማህተሙ በሁለቱም ላይ እውነተኛ ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ አልነበረም፤ ሐሰተኛው «ይስማማሉ» የሚለው ቃል ነው። ልዩነት ቢመጣ የትኛው እንደሚገዛ የሚናገር መስመር ደግሞ የለም።

ዛሬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ወይም በአማርኛና በአፋርኛ የተጻፈ ውል ሲሰጣችሁ ይህንን መስመር ፈልጉ። «ልዩነት ቢፈጠር የዚህኛው ቋንቋ ቅጂ ገዢ ይሆናል» የሚል። ከሌለ አስጨምሩ። ገዢ የሚሆነው ደግሞ እናንተ የምታነቡት ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል።

«የቱ ቁጥር?»

ሎጊያ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። ባለፈው የአጎቱ ልጅ በአንድ የጭነት ድርጅት በሹፌርነት ሊቀጠር ሆነና ዋስ ሁነኝ አለው። ቅጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ከሥሩ የድምፅ መልእክት ተከተለ።

«አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? ልፈርም ወይስ አልፈርም?»

አነበብኩት። ሹፌሩ ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ ይላል። «የገንዘቡ ቁጥርስ?» አልኩት።

«የቱ ቁጥር?»

ቁጥር የለም። መኪናው ስንት ሚሊዮን እንደሚያወጣ፣ ጭነቱ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ የወር ደሞዝ ነው ያለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን ካልገለጸ አይጸናም ይላል። «ታዲያ የማይጸና ከሆነ ፈርሜ ልገላገል» አለኝ። አይጸናም ማለት ግን አትከሰስም ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ቆመህ አይጸናም ብለህ እስክታስወስን ድረስ ስንት ቀን ከሥራ ትቀራለህ፣ ለጠበቃስ ስንት ትከፍላለህ?

ሁለተኛው ያየሁት «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ነው። ብዙ ቅጽ ላይ አለ፤ ማንም አያነበውም። ተራ ዋስ ከሆንክ መጀመሪያ ባለዕዳው ይጠየቅ ማለት ትችላለህ። ይህ ሐረግ ካለ ግን ባለገንዘቡ ሹፌሩን ሳይነካ በቀጥታ አንተ ዘንድ መምጣት ይችላል (ቁጥር 1933)።

ጓደኛዬ አልፈረመም፤ እምቢም አላለም። አጎቱን ማስቀየም ቀላል አይደለም፤ ልጁም ሥራ ያስፈልገዋል። ድርጅቱ ዘንድ ሄዶ የገንዘቡ መጠን እንዲጻፍ ጠየቀ። መጀመሪያ ተገረሙ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም። ከብዙ ክርክር በኋላ 200 ሺህ ብር ተባለ። ለእሱ አሁንም ከባድ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ዘመድ ተጨመረና እያንዳንዳቸው እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ ብቻ ተብሎ ለየብቻ ተጻፈ። «በአንድነትና በነጠላ» ግን ይውጣልኝ ቢልም አልወጣለትም። ፈረመ። አንድ ዋና ቅጂ ተቀብሎ ሄደ። አሁንም ስልኩ በሌሊት ሲጠራ ልቡ ድንግጥ እንደሚል ነግሮኛል፤ ግን ቢያንስ የድንጋጤው ልክ ስንት እንደሆነ ያውቃል።

ከ500 ብር በላይ

ሌላ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። በሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ በማመኑ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ካልሆነ በሌላ ማስረጃ አይረጋገጥም። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ለጓደኛችን በቴሌብር የምንልከው አብዛኛው ብድር ከዚያ በላይ ነው። «ምስክር አለኝ፤ ሲቀበለኝ ሦስት ሰው አይቷል» ማለት አያዋጣም።

የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክትስ? ገንዘብ ከእናንተ ወደ እሱ መሄዱን፣ መጠኑንና ቀኑን በደንብ ያሳያል። ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም። ብድር ይሁን ስጦታ፣ የድሮ ዕዳ ክፍያ ይሁን የዕቃ ዋጋ፣ መልእክቱ ዝም ነው። ስትልኩ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ካለ «ብድር» ብላችሁ ጻፉ። ገንዘቡ ከበድ ካለ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የተበዳሪው ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። «አታምነኝም እንዴ?» ለሚል ጓደኛ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። የምንጽፈው እስካሁን ስለምንተማመን ነው፤ መተማመን ከጠፋ በኋላማ ማን ይፈርማል?

የፊርማ ፎቶ ፊርማ አይደለም

አሁን ስልክ ላይ ጣታችንን አንሸራተን «መፈረም» ለምደናል። ፊርማቸውን ነጭ ወረቀት ላይ ፈርመው፣ ፎቶ አንስተው፣ ደብዳቤ ላይ የሚለጥፉም አሉ። ይህ ፊርማ ሳይሆን የፊርማ ሥዕል ነው። አንድ ጊዜ ለሰው ከላካችሁት ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ ለመለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የፊርማችሁን ጥርት ያለ ፎቶ በየቴሌግራም ግሩፑ አትበትኑ የምለው ለዚህ ነው።

ዲጂታል ፊርማ የሚባለው ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072ን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ን አውጥታለች። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፈራሚው የእሱ ብቻ የሆነ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው። ኮምፒውተሩ የሰነዱን ይዘት በሙሉ አስልቶ አንድ አጭር ቁጥር ያወጣል፤ ያ ቁጥር በምስጢራዊ ቁልፉ ይታሸጋል። ተቀባዩ ለሁሉም ግልጽ በሆነው ሌላኛው ቁልፍ ያረጋግጣል። ሰነዱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሒሳቡ አይገጥምም። ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክር የምስክር ወረቀት ሰጪ አለ፤ የዚህ ሰንሰለት ሥር በአዋጁ መሠረት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ነው። ይኸው ደግሞ፣ በመጨረሻ፣ ማን አየ፣ ማን መሰከረ የሚለው የዳጉ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የለመድነው ነገር ይገለበጣል። በዲጂታል የተፈረመ ፋይል በቴሌግራም ለመቶ ሰው ቢላክ መቶውም ዋና ናቸው፤ ፊርማው ፋይሉ ውስጥ ስላለ አብሮ ይሄዳል። አትማችሁ በወረቀት ስታወጡት ግን ፊርማው እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ተራ ኮፒ ነው። ስክሪንሾት ካደረጋችሁትም እንዲሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ሲላክላችሁ ፎቶውን ሳይሆን ፋይሉን ራሱን አስቀምጡ። ኪውአር ኮድ ካለው ደግሞ መኖሩ ብቻ አያጽናናችሁ። ስካን አድርጉትና የሚወስዳችሁ አድራሻ በእርግጥ የሰጪው መሥሪያ ቤት መሆኑን እዩ። ኪውአር ኮድ ማንም በነፃ ይሠራል።

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት

ላሳጥረው። እስክሪብቶ ስትይዙ እነዚህን ብቻ ጠይቁ፦

• ባዶ ቦታ አለ? ካለ ሙሉት ወይም መስመር አስምሩበት። ባዶ ቦታ ላይ የሚጻፈውን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

• ስንት ገጽ ነው? እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፤ የመጨረሻው ላይ ብቻ ከሆነ የፊተኞቹ ይቀየራሉ።

• ስንት ዋና ቅጂ አለ? የእኔ የቱ ነው?

• የመታወቂያዬን ኮፒ ለምን ይፈልጉታል? ከሰጣችሁ ኮፒው ላይ ለየትኛው ጉዳይና በምን ቀን እንደሰጣችሁ በሰያፍ ጻፉበት፤ ለሌላ ጉዳይ ለመጠቀም ይከብዳል።

• ይህ ሰነድ ዛሬ ሕያው መሆኑን የሚያውቀው የቱ መዝገብ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘብም ፊርማም አትስጡ። ወደ ቢሮው ሂዱና ጠይቁ። ብቻ ጠዋት ሂዱ፤ የእኛ አገር ሙቀት ውስጥ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት በር ላይ መቆም ለጠላትም አይመኙት።